የገና ዋዜማ የቤት ሥራ

የቤት ሥራ ሰው ይጎዳል ብሎ ያስተማረኝ የለም። መምህራን ኮሌጅ ሳለሁ የትምህርት ዕቅድ አወጣጥ ተምሬአለሁ፤ የጥቁር ሰሌዳ አጠቃቀም ሳይቀር ተፈትኜ አልፌአለሁ። ይህን ግን ማንም አላነሳልንም። እንግዲህ የሆነውን ላውጋችሁና ከፈለጋችሁ ፍረዱብኝ፤ እኔ በራሴ ላይ ከፈረድኩ ቆየሁ።

ያን ጊዜ ከሰቆጣ ከተማ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ በምትርቅ የገጠር ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍል አማርኛ አስተምር ነበር። ባለቤቴ ከተማ ናት። እኔ ሰኞ ጎህ ሳይቀድ እወጣለሁ፣ ዓርብ አቧራ ለብሼ እገባለሁ። ትምህርት ቤታችን ከጦርነቱ በኋላ ሲከፈት ከመጻሕፍቱ የተረፈው አንድ ካርቶን አይሞላም ነበር። በዚያ ላይ አብዛኞቹ ተማሪዎቼ እቤታቸው የሚያወሩት ኽምጣና ነው፤ አማርኛ ለእነሱ የትምህርት ቤትና የገበያ ቋንቋ ነው። እኔ ደግሞ ራሴን የንባብ ሐዋርያ አድርጌ የምቆጥር ጉረኛ ቢጤ ነበርኩ። ርዕሰ መምህሩ "አንተ ልጅ መጽሐፍ ከሰማይ ልታወርድልን ነው መሰለኝ" እያለ ይቀልድብኝ ነበር።

ከሰማይ ባላወርድም አንድ ዘዴ አግኝቼ ነበር። "የተጻፈበት ነገር ሁሉ መጽሐፍ ነው" እላቸዋለሁ። ልጆቹ የእርዳታ ስንዴ የመጣበትን ጆንያ፣ የሳሙና መጠቅለያ፣ የመድኃኒት ካርቶን ሳይቀር እያመጡ ክፍል ውስጥ ያነባሉ። እውነቱን ለመናገር ዘዴው ሠርቶልኝ ነበር።

ከሁሉም በላይ የሠራው ለደብሬ ነው። ደብሬ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ናት፤ ፊደል የጀመረችው ዘግይታ ነው። ስታነብ እያንዳንዱን ፊደል በጣቷ እየተጫነች ነው የምትሄደው። "እ... ና... ት" ትልና ገጣጥማ "እናት!" ስትል ፊቷ ይበራል። አንድ መስመር ሳትደናቀፍ ጨርሳ አታውቅም፤ ተስፋ ቆርጣም አታውቅም።

ከገና አምስት ቀን ቀደም ብሎ የደብሬ አባት አያ ሞላ ትምህርት ቤት ድረስ መጡ። አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ይዘዋል። የመጀመሪያ ልጃቸው ሲሳይ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ከወረደ ወራት ሆኖታል። ኔትወርክ ከጠፋ ስለቆየ ሰው ወደ ወረቀት ተመልሶ ነበር፤ ከዚያ የሚመጣ መንገደኛ ሁሉ ደብዳቤ ይዞ ነው የሚመጣው።

"መምህር፣ ከመተማ የመጣ ሰው ነው የሰጠኝ። ሲሰጠኝ ዓይኑን አሸሸብኝ። እስቲ ይዩልኝ" አሉ።

ከባሕር ዛፉ ሥር ቆመን አነበብኩላቸው። የጻፈው ሲሳይ ሳይሆን አብሮት የወረደ ያገሩ ልጅ ነው። አጀማመሩ እንደማንኛውም ደብዳቤ ነበር፦ "ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል፤ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።" ከዚያ ሲሳይ በወባ ሦስት ቀን ታሞ ማረፉን፣ ያገሩ ልጆች ተሰብስበው በዚያው በሚካኤል ቤተ ክርስቲያን እንደቀበሩት፣ ልብሱም በአደራ እንደተቀመጠ ይናገራል። በቃ፣ ይኸው ነው።

አያ ሞላ አላለቀሱም። የጋቢያቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አድርገው ቆዩና "እናቱ እንዳትሰማ" አሉኝ።

በዚያ አገር መርዶ እንደ ተራ ወሬ አይነገርም። ሰፈሩ ሁሉ ቢሰማም አፉን ይዞ ይጠብቃል። ሽማግሌዎችና ካህን ተሰብስበው ጎህ ሲቀድ ይሄዳሉ። ለእናት ሲሆን ደግሞ የሥጋ ወንድሟ አጠገቧ ካልቆመ አይነገራትም፤ ስትወድቅ የሚይዛት እሱ ነው። የደብሬ እናት የእትዬ ወለላ ወንድም ያለው አበርገሌ ቆላ ነው። ተልኮበት እስኪደርስ ገና ያልፋል።

"ይቺን ገና ብቻ ሳትሰማ ትዋል" አሉ አያ ሞላ። "ከዚህ በኋላ በዓል የላትም።"

"ወረቀቱንስ?" አልኳቸው።

"እደብቀዋለሁ። እኔ ቤት ማን ያነባል ብለው ነው!"

እኔም በስምምነት ራሴን ነቀነቅኩ። ልጃቸውን ማንበብ የማስተምረው እኔ!

የገና ዋዜማ ትምህርቱ ግማሽ ቀን ነበር። ልቤ ከጠዋት ጀምሮ ከተማ ገብቷል። የበኩር ልጃችን ከተወለደች ገና ሦስተኛ ወሯ ነው፤ የመጀመሪያ በዓሏ ነበር። ባለቤቴ "እንዳታመሽ፣ ዋዜማዋን አብረን እንቀበላለን" ብላ ልካብኛለች። ቦርሳዬን አንግቼ በሩ ላይ እንደደረስኩ ልጆቹ "የቤት ሥራ የለም! የቤት ሥራ የለም!" እያሉ መጨፈር ጀመሩ። መምህርነቴ ተነሳብኝ።

"ማነው የለም ያለው? ቤታችሁ ውስጥ የተጻፈ ነገር ፈልጉ። ለእናታችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡላት። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የቀን መቁጠሪያም ቢሆን ይሆናል" አልኳቸው።

ደብሬ እጇን አወጣች። "መምህር፣ እኛ ቤት የቀን መቁጠሪያ አለ!"

"ጎበዝ! እሱን አንብቢላት።"

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ይህን ብዬ ወጣሁ።

አንድ ሰዓት ያህል እንደሄድኩ ከሰቆጣ ገበያ የሚመለሱ ሰዎች ያጋጥሙኝ ጀመር። ከኋላቸው አያ ሞላ አንዲት ቀይ ፍየል እየጎተቱ፣ በሚያማቸው እግር እያነከሱ ይመጣሉ። ቆምን፣ እንኳን አደረሰዎ ተባባልን።

"ለሰው ይምሰል ብዬ ነው የገዛኋት" አሉ ወደ ፍየሏ እያዩ። "እሷ ልጄ ለበዓል ይመጣል ብላ ቤቱን ስትለቀልቅ፣ ፊቷን ማየት ቢያቅተኝ ወጣሁ።"

"ወረቀቱን አቃጠሉት ወይ?"

"ምን ብዬ ላቃጥለው መምህር? የተቀበረበት የተጻፈው እሱ ላይ ነው። የልጄ መቃብር እኮ ወረቀቷ ናት። ከቀን መቁጠሪያው ጀርባ ሸጉጫታለሁ። ማን ይነካዋል?"

ክው አልኩ። ጆሮዬ ውስጥ የሰማሁት የራሴን ድምፅ ነበር፤ "ጎበዝ! እሱን አንብቢላት" የሚለውን።

"ምነው መምህር፣ አመመዎ እንዴ?"

"ጠመኔ ረሳሁ" አልኩ። እስቲ አሁን ይህ ውሸት ነው? "ትምህርት ቤት ጠመኔ ረስቼ መጣሁ።"

"ለበዓል ቀን ጠመኔ ምን ሊያደርግልዎ?" እያሉ ቀሩ። እኔ ዞሬ ሽቅብ መሮጥ ጀምሬ ነበር። እግራቸው ስለሚያነክስ ብነግራቸውም አይደርሱም ብዬ ነው ያልነገርኳቸው እያልኩ ራሴን ሳጽናና ኖሬአለሁ። ያልነገርኳቸው ግን አፍሬ ነው።

የአንድ ሰዓቱን መንገድ በስንት እንደመለስኩት አላውቅም። ትምህርት ቤቱን አልፌ፣ ሸለቆውን ወርጄ፣ ማዶ ያለውን ዳገት ስይዝ ደረቴ ይነድ ነበር። እየሮጥኩ ስሌት አሰላለሁ፤ ዋዜማ ነው፣ ሥራ ይበዛል፣ መጀመሪያ ውኃ ትቀዳለች፣ ከዚያ እንጨት ትለቅማለች፣ የቤት ሥራው ማታ ነው። ደግሞ መለስ እልና ደብሬን አውቃታለሁ እላለሁ። ሌላው ልጅ የቤት ሥራውን ከነጭራሹ ይረሳዋል፤ እሷ መንገድ ላይ ሳትጀምረው አትቀርም። እመቤቴ ሆይ እሳት ይጥፋባት፣ በግ ይጥፋባት፣ ብቻ ቀን መቁጠሪያውን እንዳትነካው እያልኩ ተማጸንኩ።

የአያ ሞላ ቤት ከድንጋይ ካብ ጀርባ ነው። ካቡ ጋ ስደርስ ድምፅዋን ሰማሁ።

"ለ... ጤና... ዎ... እን... ደም... ን..."

በሩ ክፍት ነው። ደብሬ ደጃፉ ላይ ለብርሃኑ ብላ ተቀምጣለች፤ የቀን መቁጠሪያው ጉልበቷ ሥር ወድቋል፣ ወረቀቱ በእጇ ነው። እናትየዋ መደቡን በእበት እየለቀለቀች ነበር፤ እጇ እስከ ክርኗ እበት እንደሆነ በአየር ላይ ቀርቷል። እኔ ከካቡ ጀርባ ነኝ። መጮህ ነበረብኝ። ትንፋሼም ቃሌም ከዳኝ።

"እ... ኔ... እግዚአብሔር... ይመስ... ገን... ደህ... ና... ነኝ። ደህና ነኝ!" አለች ደብሬ።

"ሲሳይ ነው! ልጄ ነው!" አለች እናቷ። "ቀጥይ፣ ቀጥይ!"

የደብሬ ጣት ወረቀቱ ላይ ቀስ እያለ ሲሄድ አያለሁ፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። ጣቷ እስከ ታችኛው መስመር ወረደ። ተመልሶ ወጣ። እንደገና ወረደ።

"ምነው ዝም አልሽ ልጄ?"

"ጽሑፉ ደብዝዞብኝ ነው፣ እማ።"

"አይዞሽ፣ ቀስ ብለሽ።"

ደብሬ ጣቷን ከወረቀቱ አነሳች። ማንበብ ጀመረች። አንድም ቦታ አልተደናቀፈችም።

"እናቴ ሆይ፣ ለገና ልመጣ ነበር፣ መኪና አጣሁ። ሰሊጡ ዘንድሮ ጥሩ ነው። ሰማያዊ ጥለት ያለው ነጠላ ገዝቼልሻለሁ። ለፋሲካ ይዤልሽ እመጣለሁ። አታልቅሺ። በደንብ ብዪ። ደብሬን ከትምህርት ቤት እንዳታስቀሯት፤ ጎበዝ ናት። ልጅሽ ሲሳይ።"

ነጠላው የኔ ነበር። ከሁለት ሳምንት በፊት ካነበብኩላቸው ምንባብ ውስጥ፣ ከሩቅ አገር ለእናቱ ነጠላ ይዞ የሚመጣ ልጅ ነበረ። ምንባቡን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ሌላው ግን የራሷ ነው፤ የመጽሐፍ አማርኛ አልነበረም፣ የአፍ አማርኛ ነው፣ ወንድም ለእናቱ የሚናገረው።

እትዬ ወለላ በእበት እጇ አፏን ሸፈነችና እልል አለች። ሦስት ጊዜ። ጎረቤቷ ከማዶ በር ብቅ አለች። ሴትየዋ የሲሳይን መሞት ታውቃለች፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እልልታውን ስትሰማ ቆማ ቀረች፤ ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠግታ ተመልሳ ገባች።

ከዚያ በኋላ እትዬ ወለላ እኔን አየችኝ። "መምህር! ምን እግር ጣለዎ? ይግቡ እንጂ! ልጅዎ ደብዳቤ አነበበችልኝ! እንደ ውኃ ነው የወረደላት። ይኸ ነው እንጂ፤ የተማረ ይግደለኝ!" ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ አለች፣ እጇ እበት መሆኑ ትዝ ሲላት ሳቀች። ስትስቅ አይቻት አላውቅም ነበር።

ደብሬ ቀና ብላ አየችኝ። ፊቷ ላይ ምንም የለም።

"አንዴ ደግሞ እርስዎ ያንብቡልኝ" አለችኝ እናቲቱ። "ስቸኩል ግማሹን አላጣጣምኩትም። ደብሬ፣ ስጫቸው።"

ደብሬ ወረቀቱን ወዲያው አልሰጠችኝም። ከዚያ ዘረጋችው። እኔ ያንን ወረቀት ያዝኩ፤ ምን እንደሚል አራት ቀን ሙሉ አውቃለሁ። ከላይ እስከ ታች እያየሁት፣ እናት ፊት፣ ልጅ ፊት፣ ያልተጻፈውን አነበብኩ። መኪና ማጣቱን፣ ሰሊጡን፣ ነጠላውን፣ ፋሲካን። "ልጅሽ ሲሳይ" ብዬ አጠፍኩት።

"መምህር" አለች ደብሬ በቀስታ። "ስለ እኔ ያለውን ዘለሉት።"

እንደገና ገለጥኩት። "ደብሬን ከትምህርት ቤት እንዳታስቀሯት" አልኩ። "ጎበዝ ናት።"

አያ ሞላ ፍየላቸውን እየጎተቱ ሲደርሱ ወረቀቱ ገና በእጄ ነበር። ሚስታቸው ሮጣ ነገረቻቸው። እሳቸው መጀመሪያ ወረቀቱን፣ ቀጥለው እኔን፣ በመጨረሻ ልጃቸውን አዩ። "እግዚአብሔር ይመስገን" አሉ፤ ፊታቸውን አዙረው ፍየሏን ሲያስሩ በጣም ቆዩ።

ሰቆጣ የገባሁት መሽቶ ነው። ገናን ከቤተሰቤ ጋር ዋልኩ። ባለቤቴ ምን ሆነህ ነው ስትለኝ ደክሞኝ ነው አልኩ። ልጄን ታቅፌ የማስበው ደብሬን ነበር፤ አሁን ከእናቷ ጋር ከአንድ ገበታ ትበላለች፣ እናቷ ስለ ፋሲካ ታወራለች፣ እሷ ትሰማለች። አባትየውና ሰፈሩ የያዙትን ምስጢር የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ብቻዋን ተሸክማ በዓል ታከብራለች። ለአባቷ እንኳ እውነቱን ማንበቧን አልነገረችም።

ከገና በኋላ በሦስተኛው ቀን የደብሬ አጎት ከአበርገሌ ደረሰ። ጎህ ሲቀድ ካህኑና ሽማግሌዎቹ ሲሄዱ እኔም ከኋላ ተከተልኩ። እትዬ ወለላ ጭር ባለ ሰዓት ያን ሁሉ ሰው በደጇ፣ ወንድሟን ከመካከላቸው ስታይ ገባት። ግን እጇን አወዛወዘች።

"የለም፣ የለም፣ ተሳስታችኋል! ልጄ ደህና ነው፤ ደብዳቤ ጽፎልኛል። ለፋሲካ ይመጣል። ደብሬ! አምጪው፣ አንብቢላቸው!"

ደብሬ ከጓዳ ወረቀቱን ይዛ ወጣች። ገለጠችው፤ አፏን ከፈተች፤ ዘጋችው። ወደ እኔ መጥታ ሰጠችኝ።

"እሺ፣ እርስዎ ያንብቡት" አለች እናቲቱ። "ያን ዕለት አንብበውት የለም እንዴ?"

ካህኑ ራሳቸውን ነቀነቁልኝ። አነበብኩ። እንደተጻፈው አነበብኩ፤ ወባውን፣ ሦስቱን ቀን፣ ሚካኤልን። ስጨርስ እትዬ ወለላ እኔን አላየችኝም። ልጇን ነበር የምታየው።

"አይደለም! አንቺ አንብቢው! እንደዚያን ዕለት አድርገሽ አንብቢልኝ!"

"እማ" አለች ደብሬ። "እንደሱ አይልም። እንደሱ አይልም፣ እማ።"

ያኔ ወደቀች፤ ወንድሟ ያዛት።

ይህ ከሆነ ዓመት አለፈ። አሁንም አስተምራለሁ፤ አሁንም በቂ መጽሐፍ የለንም። ምን ተለወጠ ብትሉኝ፣ ለክፍል የማነበውን ነገር ስመርጥ አሁን እፈራለሁ። ድሮ የሚያስለቅስ ታሪክ እመርጥ ነበር፤ ልጆቹ ሲያለቅሱ አስተማርኩ እል ነበር። ከተረፉት የአማርኛ መጻሕፍት ውስጥ "በዓል በቤታችን" የሚል ምንባብ አለ፤ አባት በግ ይዞ ይገባል፣ ሁሉም ይስቃል። ይህን ሳነብ ግማሹ ልጅ ዓይኑን ወደ መሬት እንደሚጥል ድሮ አላየሁም ነበር። ልዝለለው ብዬ አስባለሁ፤ ደግሞ የሌላቸውን በዓል ቢያንስ በወረቀት ይዩት እላለሁ። አልቆረጥኩም። እናንተ መምህራን የሆናችሁ ብትመክሩኝ ደስ ይለኛል። አንድ ነገር ግን ቆርጫለሁ፤ ማንኛውንም ልጅ እቤትህ ሄደህ አንብብ ከማለቴ በፊት፣ እዚያ ቤት ምን እንዳለ ካላወቅኩ እጠይቃለሁ፤ ካወቅኩ ደግሞ አስታውሳለሁ።

ደብሬ አሁን አምስተኛ ክፍል ናት፤ አማርኛ የማስተምራት አሁንም እኔው ነኝ። ንባቧ ጎብዟል፤ ፈተናዋን አይቼ ነው የማውቀው። ጮክ ብላ ግን አታነብም። ተራዋ ሲደርስ ትነሳለች፣ መጽሐፉን ይዛ ትቆማለች፣ ዓይኗ መስመሩን ሲከተል አያለሁ፣ ከዚያ ትቀመጣለች። ልጆቹም ለምደውታል፤ ቀጣዩ ይቀጥላል።

ልነግራችሁ የፈራሁት አንድ ነገር ቀርቷል። ከሐዘኑ በኋላ ትምህርት ቤት የተመለሰች ቀን ሁሉም ሲወጣ ቆየችና ጠረጴዛዬ ፊት ቆመች።

"መምህር፣ ወረቀቱን ከዚያ ቀን በፊት አይተውት ነበር?"

ልዋሽ ነበር። አቃተኝ። "አዎ" አልኳት። "ለአባትሽ ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ።"

"የቤት ሥራውን ሲሰጡን ረስተውት ነው?"

"ረስቼው ነው ደብሬ። ልጄን ለማየት ቸኩዬ ነበር።"

አሰበች። በእኔ አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም። እንዲያው ነገሩን ለራሷ እንደምታረጋግጥ ሆና፣

"እኔ ብሆን አልረሳውም ነበር" አለችኝ።